ምንጣፉ እስኪደርቅ

ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ጥረዛ ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ከማሽን የሚወጡትን ሰፋፊ ወረቀቶች ታጥፋለች፣ በገጽ ቁጥራቸው ትደረድራለች፣ በክር ትሰፋለች፣ ጀርባቸውን ሙጫ ቀብታ ከክብደት ስር ታሳድራቸዋለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ጠራዦች ናቸው፤ «ጠራዧ» ሲባል ግን ቀና የምትለው እሷ ብቻ ናት። እሷ የደረደረችው መጽሐፍ ገጹ ተዘበራርቆ ተመልሶ ስለማያውቅ ስሙ በዚያው ጸደቀላት።

ዕድሜዋ ከሃምሳ ሁለት ዓመት አልፏል። ቀጭን ናት፣ ወሬ አታበዛም፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ከባሏና ከባሏ እናት ጋር ሆና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራዩ። የቤቱ ወለል ከወጥ ቤቱና ከመታጠቢያ ቤቱ በቀር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ተለጥፎበታል፤ ቀለሙ እርጥብ አሸዋ ይመስላል። አከራዩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በውሉ ግርጌ፣ ከታተመው ሁሉ በታች፣ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፋቸው አንድ መስመር ጨምረውበታል፤ «ቤቱ ሲለቀቅ ምንጣፉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሽታ የሌለው ሆኖ ይመለሳል።» ባሏ ይህን አንብቦ ሳቀ። «ገና ሳንገባ መውጫችንን ጻፉልን» አለ። ከዚያ ሦስቱም ፈረሙ።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ከተማ ደህና ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። መጀመሪያ በየወሩ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ፤ ከዚያ ስልክ ብቻ ሆነ። አንድ እሁድ ምሽት ስልክ ደወለና «እናቴን አቅርቢልኝ» አላት። አቀረበችለት። እናቱ በቀኝ እጃቸው ስልኩን፣ በግራቸው ሻይ የሞላ ፔርሙስ ይዘው ቆመው አዳመጡ። ፔርሙሱ ከእጃቸው ወጥቶ ወደቀና ሻዩ ሳሎኑ መሀል ፈሰሰ።

«ሌላ ቤት ሠርቷል» አሉ ስልኩን ሲያስቀምጡ። «ልጅም አለው።»

ጠራዧ ጨርቅ ልታመጣ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ስትመለስ አማቷ እዚያው ቆመዋል።

«ትሄጃለሽ እንግዲህ?» አሏት።

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሆነው ሶፋውን ገፉና ሻዩ የፈሰሰበት ላይ አስቀመጡት። እሷም ወደ ሥራ ሄደች። በማግስቱም ሥራ ነበር፣ ከዚያ ቀጥሎም። አብሬያቸው እኖራለሁ ብላ የቆረጠችበት ቀን የለም። አልሄደችም፣ በቃ። አማትየውም ቆዩ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ሰፈሩ ውስጥ አማቷን «እማማ ምንሆኜ» ይሏቸዋል። እንዴት አደሩ ሲሏቸው «ምን ሆኜ!» ነው መልሳቸው። እንዴት ዋሉ ቢሏቸውም ያው ነው። አንድ ጊዜ ከደረጃ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሮ፣ ሐኪሙ ምን እንደሆኑ ሲጠይቃቸው «ምን ሆኜ!» ብለው አስቀውታል። ደግ የሚባሉ ሴት አልነበሩም። አንድም ቀን ምግቧን አላመሰገኑላትም። ሾርባ ስትሠራ ቀምሰው «ውሃው ጥሩ ነው» ይላሉ። ባሏ በነበረበት ዘመን ለሁለቱ ወጥ ቤቱ አይበቃቸውም ነበር፤ ከሄደ በኋላ ግን ቤቱ ሰፋ መሰል፣ አይጋጩም።

የሥራ ጓደኞቿ አይለቋትም ነበር። «ሰው ባሏን ትፈታለች፣ አንቺ አማትሽን አገባሽ» ይሏታል ምሳ ላይ። እሷ አፏን ሸፍና ትስቃለች። አንዷ የምር ጠየቀቻት፤ «ለምን ለልጃቸው አትልኪያቸውም?» ጠራዧ ትንሽ አሰበች። «አድራሻውን አልሰጠንም» አለች።

እማማ ምንሆኜ ማንበብ ይወዳሉ። ዕድሜ ልካቸውን ትምህርት ቤት በር ላይ ተቀምጠው ደወል የሚደውሉ ሠራተኛ ነበሩና ከልጆቹ ጋር ፊደል ቆጥረዋል። ጠራዧ ከማተሚያ ቤት የተበላሹ ወረቀቶች ታመጣላቸዋለች። መጽሐፍ ሲታተም አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየሆነ ነው የሚታጠፈው፤ ቀለም የደፈረሰበት ወይም የተቀደደው ይጣላል። ስለዚህ እማማ ምንሆኜ ያነበቡት መጽሐፍ ሁሉ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። ከገጽ ሠላሳ ሦስት ጀምረው አርባ ስምንት ላይ ያቆማሉ።

«ይሄ ሰውዬ በር አንኳኩቶ ቀረ እኮ» አሏት አንድ ቀን፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው። «ማን ከፈተለት?»

«እኔ እንጃ። የሚቀጥለው ጥራዝ ደህና ስለነበር ተሸጠ።»

«ምን ዓይነት ነገር ነው! ሰው በር ላይ ጥላችሁ ትሄዳላችሁ?»

እራት እስኪቀርብ ድረስ ለሰውዬው በሩን ራሳቸው ከፍተው፣ ውስጥ አስገብተው፣ ሚስት አጋብተው፣ ከሚስቱ አጣልተው ጨረሱት። ጠራዧ ድንች እየላጠች ሰማች። እነዚያ ምሽቶች ጥሩ ነበሩ። ያኔ ጥሩ መሆናቸውን አላሰበችውም።

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ እማማ ምንሆኜ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የምድጃውን እሳት፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ ሰውን። ጠራዧን «ልጄ» ማለት ጀመሩ፤ ከዚያ በፊት በስሟ ነበር የሚጠሯት። የመጨረሻዎቹን አራት ወራት አልጋ ላይ ሆኑ። ጎረቤት ያለችው ልብስ ተኳሽ ቀን ቀን ታያቸዋለች፤ ጠራዧ ከሥራ ስትመለስ ትረከባለች። ታጥባቸዋለች፣ ትገለብጣቸዋለች፣ አንሶላ ትቀይራለች። በማተሚያ ቤት ትልልቅ ወረቀት መገልበጥ የለመደ እጅ ለዚህም ይሆናል።

የሞቱት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን አስራ፣ ደህና ዋሉ ልትል ገባች። በሕይወት አልነበሩም። ራስጌው ላይ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ አንስታ ወጥ ቤት ወስዳ አጠበችው፣ ደፍታ አስቀመጠችው፣ እጇን አደረቀች። ከዚያ ነው ልብስ ተኳሿን የጠራቻት።

ልጃቸው በስልክ ተነግሮት ለቀብሩ ደረሰ። ከሰው ተለይቶ ቆሞ ነበር። በማግስቱ ሥራ አለብኝ ብሎ «ዕቃዋን ሌላ ጊዜ መጥቼ እወስዳለሁ» አላትና ሄደ። ጠራዧ አላለቀሰችም። በቀብሩም፣ ከቀብሩ በኋላም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ተያዩ። «ደርቃ ነው፤ ቆይቶ ይመጣባታል» አለች አንዷ። ጠራዧ ይህን ሰምታ ትጠብቅ ጀመር፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። አልመጣም። ወደ ሥራ ተመለሰች። አጠፈች፣ ደረደረች፣ ሰፋች። ገጽ አላሳሳተችም። ምሳዋን ትበላለች፣ ምን እንደበላች ግን አታስታውስም።

ሁለት ወር አልፎ አከራዩ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው መጡ። ሴት ልጃቸው ከሁለት ልጆቿ ጋር ልትመለስ ነው፤ ቤቱ ለእሷ ያስፈልጋል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አሏት። «በዚህ ሰዓት እንዲህ ማለት ከብዶኝ ሳምንት ሙሉ ስመላለስ ነው የከረምኩት።»

«ምንም አይደለም ጋሼ።»

«ትንሹ ልጇ ደረቱን ያመዋል። አስም ነው። እና ምንጣፉ...»

«አውቃለሁ ጋሼ። ውሉ ላይ አለ።»

ሽማግሌው አፈሩ። «እኔ እንኳን ረስቼው ነበር» አሉ፤ እንዳልረሱት ግን ያስታውቅባቸዋል።

ለማተሚያ ቤቱ ቅርብ የሆነች አንድ ክፍል አገኘች። አርብ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ ዕቃውን ወደ ደረጃው አናት አወጣች። ትልልቁን ልብስ ተኳሿና ባሏ አገዟት። የእማማ ምንሆኜን ወንበር፣ ክንዱ የተላጠውን፣ ከሁሉ በኋላ አወጡት። ሶፋው ሲነሳ የሻዩ ቦታ ተገለጠ፤ የትሪ ስፋት አለው፣ ጠርዙ ጠቆር ብሏል። ልብስ ተኳሿ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ስትል «ሻይ ነው» አለች ጠራዧ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ምንጣፍ አጣቢው መጣ። አጭር፣ ራሱ የተመለጠ፣ ጉልበቱ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ መከላከያ ያሰረ ሰው ነው። ማሽኑን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ወጥቷል። በሩ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን እየሰበሰበ ቤቱን በዓይኑ ዞረው።

«የኔ ቤት ምንጣፍ የለውም» አላት ገና ሰላምታ ሳይጨርስ። «ሚስቴ ከልክላኛለች። ሥራህን ቤት ይዘህ አትግባ ብላ።»

ጠራዧ ፈገግ ለማለት ፊቷን አዘዘች፤ ፊቷ ታዘዘ።

መጀመሪያ ደረቁን አቧራ በማሽን ሳቡት። ከዚያ ሰውዬው ከበር ጀርባ፣ ማንም የማያየው ጥግ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ በሳሙናው ነክሮ ምንጣፉን ጫን አደረገና አየው፤ ቀለም አልለቀቀም። «ጥሩ ሰው ነው» አለ ምንጣፉን። ከመስኮቱ ጀምረው ወደ በሩ እያፈገፈጉ ሊያጥቡ ተስማሙ፤ አለዚያ እርጥቡን መርገጥ ሊመጣ ነው። እሱ ማሽኑን ይገፋል፤ እሷ በብሩሽ ፊት ፊቱን እየሄደች የምንጣፉን ጠጉር ታነሳለች። እጇ ይሠራል። ሌላው ሁሉ የት እንደሆነ አታውቅም።

ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ገና ሲጀምሩ ሰውዬው ቆመ።

«እዚህ ወንበር ነበር» አለ። «የተቀመጠው ሰው ግራ እግሩን ያሽ ነበር። ቀኙ ደህና ነው፤ ግራው ግን ምንጣፉን በልቶታል።»

«ሲያነቡ ነው» አለች። «ታሪኩ ሲጥማቸው እግራቸው አያርፍም ነበር።»

«አባትሽ?»

«አማቴ።»

ሰውዬው ጭንቅላቱን ነቀነቀና ቀጠለ።

የሻዩ ቦታ ላይ ከሁሉ ይልቅ ቆዩ። ሳሙና፣ ውሃ፣ ደረቅ ጨርቅ፤ እንደገና ሳሙና። «አትፈትጊው» ይላታል። «ሲፈትጉት ወደ ስር ይገባል። ጫን አድርጊና ተነሺ። ጫን አድርጊና ተነሺ።» ጨርቁ መጀመሪያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ምንም። ምንጣፉ ላይ ግን የትሪው ቅርጽ አልጠፋም፤ ደበዘዘ እንጂ።

«የስንት ዓመት ነው?»

«የአሥራ አንድ።»

«ያው ነው እንግዲህ። ከዚህ በላይ አይሄድም። የሄደው ሄዷል፣ የቀረው የቤቱ ነው።»

የእማማ ምንሆኜ ክፍል ሲገቡ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። አልጋው ከነበረበት ጎን የመጨረሻዎቹ ወራት እዚያው ናቸው፤ ሽታውም። «ታመው ነበር?» አላት። «አዎ» አለችው። «ነፍሳቸውን ይማር» አለና ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። አቼቶ በውሃ አቅጥኖ አፈሰሰበትና ሩብ ሰዓት እንዲጠጣው ተወው። ከዚያ ራሷ ተንበርክካ በተጣጠፈ አንሶላ ትጫን ጀመር። እሱ ልርዳሽ አላለም፤ ለምን እንዳላለ እሱ ያውቃል። አራት አንሶላ ቀየረች። እጇ ጣቷ ድረስ በአቼቶው ነጣ።

ማሽኑ የመጠጠውን ውሃ ለማፍሰስ መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ሰውዬው ክዳኑን ከፍቶ አሳያት። ጥቁር ነው፣ ወፍራም፣ ላዩ ላይ ጠጉር ይንሳፈፋል።

«ይኸውልሽ» አለ። «አሥራ ስድስት ዓመት።»

ጠራዧ አየችው። አንድ ነገር ሊሰማት ይገባ ይሆናል ብላ ትንሽ ቆየች። «ይደፋ» አለች።

አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሳሎኑን ለሁለተኛ ጊዜ በንጹህ ውሃ ሲያለቀልቁ የደረጃው በር ተንኳኳና ተከፈተ።

«ቁም! ቁም!» ብሎ ጮኸ ምንጣፍ አጣቢው፣ እንደተንበረከከ።

በሩ ላይ አንድ ሰው አንድ እግሩን ከመሬት እንዳነሳ ቀረ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ወጣ ብሏል፣ እጁ ላይ የመኪና ቁልፍ አለ።

«ማነህ አንተ?»

«የእናቴ ቤት ነው» አለ ሰውዬው፣ እግሩ በአየር ላይ እንዳለ።

«የማንም ቤት ይሁን፣ እርጥብ ነው። ወደ ኋላህ ውረድ።»

ሰውዬው ወደ ኋላው ወረደ። ጠራዧ እጇን በጉርዷ እየጠረገች በግድግዳው ጥግ ጥግ ወጣች። ባሏ ነበር፤ የድሮ ባሏ። በሥራ በኩል በዚህ ሲያልፍ የእናቱን ዕቃ ሊጭን መጣ።

«ደህና ዋልሽ» አላት።

«ደህና ዋልክ። ወንበራቸው እዚያ ነው። ልብሳቸው በሁለቱ ሻንጣ ነው። መነጽራቸው ከላይ ኪሱ ውስጥ አለ።»

እሱ ወንበሩን አየና ወደ ቤቱ ውስጥ ተመለከተ። «ክፍሏን ማየት እፈልጋለሁ።»

«አሁን አይሆንም» አለ ምንጣፍ አጣቢው ከውስጥ። «ሁለት ሰዓት ተኩል ጠብቅ። ከዚያ በካልሲ።»

የድሮ ባሏ ይሄዳል ብላ ጠብቃ ነበር። አልሄደም። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እሷም ዕቃው ተደራርቦ ሌላ የምትቀመጥበት ስለሌላት ከሱ ሁለት ደረጃ ከፍ ብላ ተቀመጠች። ከኪሱ ዳቦ አወጣ፣ ቆርሶ ሰጣት፤ ተቀብላ በላች። የጫማው ተረከዝ በአንድ በኩል ተበልቷል። ቀድሞም እንዲሁ ነበር የሚረግጠው። ይህን ስታይ ልቧ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ ብላ አዳመጠች። የለም። ዳቦው ትንሽ ጨው ይጎድለዋል።

«ሁለት ጊዜ እዚህ ታች ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ» አለ ቆይቶ። «በሩ ጋ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«መቼ?»

«አንዴ ከአራት ዓመት በፊት። አንዴ አምና።»

«አምና መቼ?»

«ዝናቡ የበዛ ጊዜ።»

ጠራዧ ወራቱን በልቧ ደረደረች። «ያኔ ያውቁህ ነበር» አለች።

ልትወጋው ብላ አይደለም። ገጽ ቁጥር እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። እሱ ግን አንገቱን ደፋ፤ ዳቦውንም መብላት ተወ።

«ስለ እኔ ምን ትል ነበር?»

«ድሮ ነው በኋላ?»

«በኋላ። መጨረሻ ላይ።»

«‹ወንድምሽ መጣ ወይ?› ይሉኝ ነበር።»

«የቱ ወንድምሽ?»

«አንተን ነው። እኔን ልጃቸው አድርገውኝ ነበር። አንተን ደግሞ ወንድሜ። ‹ያ ወንድምሽ ዛሬም አልመጣም? መንገድ ላይ ነው?› ይላሉ። ‹መንገድ ላይ ነው እማዬ› እላለሁ። ‹እንግዲያው እራቱን ከድኚለት› ይሉኛል።»

«ትከድኚው ነበር?»

«እከድነዋለሁ። ካልከደንኩት አይተኙም።»

ሰውዬው ሊስቅ ከጀመረ በኋላ ሳቁ መሀል ላይ ተበላሸበት። ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ወንድ ሲያለቅስ የሚያሰማውን ያንን የታፈነ ድምፅ አሰማ። ውስጥ ያለው ምንጣፍ አጣቢ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ ሆኖም ማሽኑን እንደገና አስነሳው። ጩኸቱ ደረጃውን ሞላው። ጠራዧ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሰው ሲያለቅስ ትከሻውን መያዝ እንደሚገባ ታውቃለች። እጇ ግን አልተነሳም፤ እሷም አላስገደደችውም።

ማሽኑ ሲጠፋ ሰውዬው ፊቱን በእጅጌው ጠራረገ።

«ይቅር ብለሽኛል?» አላት።

«እኔ እንጃ።»

«እንጃ ማለት?»

«እንጃ ማለት እንጃ ነው። ዛሬ ምንጣፍ ላይ ነኝ።»

እሱ አየት አደረጋትና ራሱን ነቀነቀ።

ምንጣፍ አጣቢው መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ፣ ከልብስ ተኳሿ የተዋሰውን ማራገቢያ አስነስቶ፣ ማሽኑን ጀርባው ላይ አሰረ። በመካከላቸው ሲወርድ ቆም አለ። «ጠጉሩን በአንድ አቅጣጫ አበጥሪው፤ ሲደርቅ እንደተኛ ነው የሚቀረው» አላት። ለሰውዬው ደግሞ «አንተም በካልሲ» አለው። ከዚያ ወረደ።

ስምንት ሰዓት አልፎ ሲነኩት ደረቀ። ሰውዬው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። የአንዱ ካልሲው አውራ ጣት ተቀዷል። የእናቱ ክፍል ውስጥ ገብቶ ቆየ። ጠራዧ ወጥ ቤቱን እየወለወለች ነበር፤ ድምፅ አልሰማችም። ሲወጣ ፊቱ ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነው።

«ምንም የለም» አለ።

«አዎ» አለች። «ታጥቧል።»

እሱ ካለፈ በኋላ ገብታ በካልሲ የረገጠበትን ሁሉ በብሩሽ መልሳ አበጠረችው።

መኪናው ሰፊ ነበር። የእናቱን ወንበርና ሻንጣ ከጫነ በኋላ ደረጃው ላይ የቀረውን ዕቃ አየና «ያንቺስ በምን ይሄዳል?» አላት። ለእሁድ ጋሪ ተነጋግራለች። «በእኔ መኪና ይሁን» አለ። እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለገች፤ አላገኘችም። ስለዚህ አልጋዋን፣ ጠረጴዛዋን፣ ሁለት ካርቶን ሰሃን ሁለቱ ሆነው አወረዱ። ሶፋውን ለልብስ ተኳሿ ተወችላት። መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ። «አባዬ የት ደረስክ?» የሚል የሴት ልጅ ድምፅ ወጣ። «እየመጣሁ ነው» አለ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ጠራዧ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። ልጅቷ ጥሩ ድምፅ አላት ብላ አሰበች። ሌላ አላሰበችም።

አዲሱ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋን ገጠመላት፤ የተላላውን ብሎን አጠበቀው። ሲወጣ በሩ ላይ «እደውልልሻለሁ» አላት። «እሺ» አለች። ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደወለ፤ እጇ ላይ ሙጫ ስለነበር አላነሳችውም። መልሳ ልትደውልለት አሰበች፤ ከዚያ ሌላ ነገር መጣ።

ምንጣፉ በታጠበ ማግስት፣ እሁድ ጠዋት፣ ቁልፉን ለመመለስ አከራዩን ቤቱ ውስጥ ጠበቀቻቸው። ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው፣ ክፍሉን አንድ በአንድ ዞሩ። የእማማ ምንሆኜ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ፣ አፍንጫቸውን ወደ ምንጣፉ አስጠጉ፣ አሸተቱ። ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉላት፤ ያዘቻቸው።

«ንጹህ ነው» አሉ። «ልጄ፣ እንደ አዲስ አድርገሽዋል።»

ሳሎን ሲመለሱ የትሪው ቅርጽ ላይ ቆሙ። የመስኮቱ ብርሃን ወድቆበት በግልጽ ይታያል።

«ይሄስ?»

«ሻይ ነው ጋሼ። አልወጣም።»

ሽማግሌው ትንሽ አዩት። «ሻይማ ቤት ውስጥ ይፈሳል» አሉና ቁልፉን ተቀበሏት። ውሉን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው በእጃቸው ከጻፉት መስመር አጠገብ ልክ የሚል ምልክት አደረጉበት፤ የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙ።

አዲሱ ክፍል ወለሉ ሸክላ ነው። ለመጀመሪያዋ ቅዳሜ የእንጨት መወልወያ ገዛች። ወለወለች። ስድስት ደቂቃ ፈጀ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን አየች፤ ቅዳሜው ገና አልተነካም። የሚገለበጥ ሰው የለም፣ የሚቀየር አንሶላ የለም። ልብሷን ለብሳ ወጣች። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የመጣውን ተሳፈረች፤ ቁጥሩን አላየችም። እስከ መጨረሻው ሄደች። ሾፌሩ ዞሮ «እናቴ፣ እዚህ ነው የሚያበቃው» ሲላት ወረደች። ጥቂት ቆማ በሚቀጥለው ተመለሰች።

ሰኞ ምሳ ላይ፣ ያቺ ድሮ ለምን አትልኪያቸውም ያለቻት ጓደኛዋ ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፈች ጠየቀቻት። ጠራዧ ነገረቻት።

«መጨረሻው ፌርማታ ላይ ምን አለ?» አለች ጓደኛዋ።

«ምንም። ሰፊ ሜዳ ነው። አንድ አጥር አለ፣ ጀርባው አይታይም።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«ቆምኩ። ነፋስ ነበር።»

ጓደኛዋ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየቻት። «በመጪው ቅዳሜ ብቻሽን አትሂጂ» አለች። «እኔም እመጣለሁ።»

«እሺ» አለች ጠራዧ፣ ምሳዋንም ቀጠለች።